ሐዋሳ ላለ ግቢ የሚሆን ዋይፋይ፦ መስመሩን፣ ራውተሩንና ማስፋፊያውን እንዴት እንምረጥ?

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ቤት ኢንተርኔት የሚሰማው ቅሬታ ከሰፈር ሰፈር ብዙም አይለያይም። ሳሎን ጥሩ ይሠራል፣ መኝታ ቤት ይዳከማል፣ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ቤት ሲደርስ ጨርሶ ይጠፋል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ፍጥነቱን ማሳደግ ነው። በሰከንድ ከ5 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 20 ሜጋ ቢት ይሻገራል፤ ወርኃዊ ክፍያው ይጨምራል፤ ሰርቪስ ቤቱ ግን እንደነበረ ይቀራል። ምልክቱን ያስቀረው በራውተሩና በስልኩ መካከል ያለው ግድግዳ ነዋ!

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ዋና ቤትና ሰርቪስ ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ለአንቴና ብዛት ከሚከፈል ብር ይልቅ ለ20 ወይም ለ30 ሜትር የኔትወርክ ገመድ የሚከፈል ብር በእጅጉ ይጠቅማል። ከታች የማወዳድራቸውን አማራጮች ሁሉ የማየው በዚህ ዓይን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በሽታውን ለዩ። ላፕቶፕ ካላችሁ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙትና ፍጥነቱን ለኩ፤ ከሌላችሁ ስልኩን ከራውተሩ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ይዛችሁ ለኩ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቪዲዮ እንዳያይ አድርጉ። የተገኘው ቁጥር በውላችሁ ላይ ካለው ጋር ከተቀራረበ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ መታከም ያለበት የቤት ውስጡ ስርጭት ነው። ራውተሩ አጠገብም ቁጥሩ ዝቅ ካለ ግን አዲስ ራውተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነውና መስመሩን አስፈትሹ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 መደወል ይችላሉ። ልኬቱን ጠዋትም ማታም ድገሙት። ውሉ የሚናገረው በሜጋ ቢት እንደሆነ፣ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ደግሞ በሜጋ ባይት እንደሆነ አስታውሱ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በ10 ሜጋ ቢት መስመር 1 ጊጋ ባይት የሚመዝን ፊልም ለማውረድ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛ መስመር ይዞ ተታለልኩ ይላል።

ፋይበር፣ የመዳብ መስመር ወይስ ሲም?

ፋይበር ደጃችሁ ድረስ ከመጣ ሌላውን ማወዳደር አያስፈልግም፤ አስገቡት። የብርሃን ምልክት በከተማ ውስጥ ባለ ርቀት አይጎዳም፤ ከቴሌ ጣቢያው 1 ኪሎ ሜትር ብትርቁም 5 ኪሎ ሜትር ብትርቁም የምታገኙት ያው ነው። ለእኛ ከተማ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በዝናብ ወራት ነጎድጓዱ ሲበረታ በመዳብ ሽቦ በኩል የሚመጣ ኃይል ሞደም ያቃጥላል። የፋይበሩ ክር ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በሶኬቱ በኩል ያለው አደጋ ግን አይቀርም፤ ነጎድጓድ ሲጀምር የፋይበር ተጠቃሚም ቢሆን ከሶኬት መንቀል ይኖርበታል። ፋይበር የሚፈልገው ጥንቃቄ አንድ ነው፦ ክሩን አትቆልምሙት። ትርፉን ስትጠቀልሉ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የጠበበ ክብ አታድርጉት፤ በምስማርም አትጫኑት። ከፋይበሩ ጋር በሚሰጣችሁ ሳጥን ላይ ኤል ኦ ኤስ ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነውና ሳጥኑን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ፋይዳ የለውም። መስመሩ የታጠፈበትን ፈልጉ፤ ካጣችሁ ባለሙያ ጥሩ።

የመዳቡ መስመር፣ ማለትም በስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ በርቀት ይሸነፋል። የተሻሻለው ዓይነት ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ለጣቢያው ቅርብ ለሆነ ቤት በወረቀት ላይ እስከ 24 ሜጋ ቢት ይሰጣል፤ ሽቦው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ከረዘመ ግን የሚተርፈው ጥቂት ሜጋ ቢት ብቻ ነው። ሌላው የመዳብ መስመር ዓይነት ቪዲኤስኤል ከዚያ በጣም ይፈጥናል፤ ፍጥነቱ የሚታየው ግን መንገድ ዳር ያለው የቴሌ ካቢኔ በ1 ኪሎ ሜትር አካባቢ ውስጥ ሲሆን ነው። ሌላው የመዳብ ጠላት እርጥበት ነው። ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚቆራረጥ መስመር አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ቦታ ላይ ውሃ የገባበት መገጣጠሚያ አለው፤ ለቴክኒሻኑ ስትናገሩ ይህን ጨምራችሁ ብትናገሩ ፍለጋውን ታሳጥሩለታላችሁ። ቤት ውስጥ የጠረጴዛ ስልክ ካለ ደግሞ በስልኩና በግድግዳው ሶኬት መካከል ማጣሪያው መግባት አለበት። ድምፅ የሚሄደው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ነው፤ ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎ ኸርዝ በላይ ነው፤ የሚለያያቸው ይህች ትንሽ ፕላስቲክ ናት። ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱ የሚቋረጥ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ተመልከቱ።

በሲም የሚሠራው የ4ጂ ራውተር ለተከራይ የተመቸ ነው፤ ቤት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፣ ቁፋሮም ምሰሶም አይፈልግም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በሲም በኩል ማወዳደርም ተችሏል። ራውተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም በስልካችሁ አስገብታችሁ ራውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ፣ ሰው በሚበዛበት የማታ ሰዓት ለኩ። የታቦር ተራራ ከአንዱ የሞባይል ማማ ጋርዷችሁ ከሌላው ላይጋርዳችሁ ይችላልና የጎረቤት ወሬ አይበቃም። ራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የምልክት ቁጥር ወደ −80 የቀረበ ከሆነ መልካም ነው፤ ወደ −110 ከወረደ ሌላ መስኮት ፈልጉ። ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር የማማውን ሞገድ ስለሚመልሱ ራውተሩን ወደ ማማው በሚያይ መስኮት ላይ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይለውጣል። ገደቡ ግን አይረሳ፤ ብዙ ጥቅል በጊጋ ባይት ይለካል፣ ማማውንም ከመላው ሰፈር ጋር ትጋሩታላችሁ። ልጆች በቪዲዮ የሚማሩበት፣ አባት ወይም እናት ከቤት የሚሠሩበት ቤት ከሆነ ሲሙን እንደ ተጠባባቂ ያዙት እንጂ ዋና መስመር አታድርጉት።

የተሰጠው ሳጥን ወይስ የራስ ራውተር?

ብዙ ሰው ገበያ ሄዶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ የሚሸጠው ተራ ራውተር የስልክ ሽቦ መሰኪያ የለውም፤ ስለዚህ ከኤዲኤስኤል መስመር ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ለዚያ ሞደም ያለበት ራውተር ያስፈልጋል። የፋይበር ሳጥን ደግሞ በአቅራቢው ሥርዓት ውስጥ የተመዘገበ ስለሆነ ከሱቅ በተገዛ ዕቃ አይተካም። በሁለቱም መንገድ የተሰጣችሁ ሳጥን ቦታው ላይ ይቆያል፤ የራሳችሁ ራውተር ከኋላው ይቀጠላል።

ያስፈልጋል ወይ? ቤታችሁ ሁለት ሦስት ክፍል ከሆነና ውሉ ከ20 ሜጋ ቢት በታች ከሆነ አያስፈልግም። ለአንድ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል፤ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ሳጥንም ይህን ያህል ያደርሳል። የራስ ራውተር መግዛት ተገቢ የሚሆነው ሰፈሩ በዋይፋይ ሲጨናነቅ ወይም ውሉ 50 ሜጋ ቢትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ 2.4ንም 5 ጊጋ ኸርዝንም የሚያወጣውን ምረጡ። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣንና ከጎረቤት ጩኸት የራቀ ነው፤ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ግን ቶሎ ያዳክመዋል። 2.4 ዘገምተኛ ነው፤ ግድግዳ ያልፋል። በአንድ ሰፈር ብዙ ራውተር ካለ በ2.4 ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች፣ ማለትም የሞገዱ ክፍሎች፣ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸውና ከሦስቱ ጎረቤት ያልያዘውን ምረጡ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ኤሲ 1200 የሚባለው ራውተር ስሙን ያገኘው በ2.4 ላይ ያለውን 300 እና በ5 ላይ ያለውን 867 ሜጋ ቢት በመደመርና ወደ ላይ በማጠጋጋት ነው። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ስለሚይዝ 1200ን የሚያየው የለም። የአንቴና ብዛትም እንዲሁ ነው። የራውተሩን ድምፅ ስልኩ ቢሰማም ስልኩ ደካማ ማስተላለፊያ ስላለው መልሱ ራውተሩ ዘንድ ካልደረሰ ግንኙነት የለም፤ ራውተሩ ላይ ስድስት ቀንድ መትከል የስልኩን ጉልበት አይጨምርም። ከኤሲ በኋላ የመጣው ዋይፋይ 6 የሚባለው ትውልድ ብዙ ስልኮች በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙ በእርግጥ ይሻላል። ለ10 ሜጋ ቢት መስመር ብላችሁ ልዩነቱን መክፈል ግን አልመክርም፤ ያንን ብር ለገመድ አስቀምጡት።

አስማሚውንም ገልብጣችሁ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ኃይሉ ሲዋዥቅ ይችላል። 220 ብቻ የሚል ከሆነ ሌላ ምረጡ።

ሰርቪስ ቤቱን እንዴት እንድረስ?

ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድሙ። ራውተሩ የቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፍሪጅ ኋላ ወይም ከውሃ ሮቶ አጠገብ ከሆነ አንሱት፤ ብረትና ውሃ የሞገድ ጠላቶች ናቸው። ከወለል ከፍ አድርጉት፤ የጓሮውን መስኮት እንዲያይም አድርጉት። ሞገድ ከብሎኬት ይልቅ በመስታወት በኩል ስለሚያልፍ ከመስኮቱ ትይዩ ያለ ሰርቪስ ቤት በዚህ ብቻ የሚዳንበት ጊዜ አለ። ኮርኒስ ውስጥ ግን አትደብቁት፤ ከቆርቆሮ ሥር ያለው የቀን ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ካልበቃ ሦስት ምርጫ ይቀራል፦ ሪፒተር፣ መሽ እና በገመድ የሚገናኝ ሁለተኛ ራውተር።

ሪፒተር ርካሽና ቀላል ነው፤ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይሠራል። ነገር ግን የሰማውን መልሶ የሚያወራው በዚያው በአንድ ሬዲዮ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው ስሕተት የሚሠራው በአቀማመጡ ነው፤ ሰው ሪፒተሩን ምልክት በሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል። ራሱ ያልሰማውን ምን ብሎ ያስተላልፋል? ቦታው መንገዱ መሀል ነው፦ ከራውተሩ ጥሩ ምልክት በሚደርስበት፣ ወደ ሰርቪስ ቤቱ በሚያይ መስኮት አጠገብ። እንዲያም ሆኖ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አከራዩ ገመድ መዘርጋት ለከለከለው ተከራይ ብቻ እመክረዋለሁ።

መሽ የሚባለው ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ሣጥን ሆኖ አንድ ላይ የሚሸጠው ነው። ስልኩ ከክፍል ክፍል ሲሄድ ሳይቋረጥ ይሻገራል፤ አሠራሩም በስልክ መተግበሪያ ስለሆነ ያማረ ነው። ትልቅ ቪላ ላለው፣ ግድግዳው እንዳይነካ ለሚፈልግና አቅም ላለው ሰው ጥሩ ነው። ሣጥኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአየር ከሆነ ግን በመካከላቸው ያለው የኮንክሪት ግድግዳ እነሱንም ያው ይከለክላቸዋል። መሽ ገዝቶ ሣጥኖቹን በገመድ ማገናኘት ከሁሉ የላቀ ውጤት ይሰጣል፤ ገመዱን ከዘረጋችሁ ደግሞ ርካሹ መንገድ በጣም የቀረበ ውጤት ያመጣል።

እሱም ይኸው ነው። መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ራውተር ካለ አውጡት፤ ከሌለ ርካሹን ግዙ። ገመዱ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይሁን፤ ሁለቱም እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋ ቢት ያደርሳሉ። ሻጩ ሲቆርጥላችሁ የአንዷን ቀጭን ሽቦ ጫፍ በቢላዋ ፋቅ አድርጉ። ውስጧ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከላይ ቀልታ ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ተዉት። ለረጅም ርቀት ደካማ ነው፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። ጫፎቹ በሁለቱም በኩል በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይታሰሩ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ከቤት ቤት ሲሻገር ከጣሪያ ጣሪያ አትወጥሩት፤ ፀሐይ ሽፋኑን ታደርቀዋለች፣ የመብረቅ አደጋም ይጨምራል። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ካለበት ቱቦ ጋር አታጋሩት።

ከዚያ አሮጌውን ራውተር ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር አገናኙ። ገጹ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ሆዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ታገኙታላችሁ። ሦስት ነገር ቀይሩ። የራሱን አድራሻ ዋናው ራውተር ካለው የተለየ አድርጉት፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 በሉት። አድራሻ የማደሉን ሥራ፣ ማለትም ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ አጥፉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት አዳይ ሲኖር ስልኮች ግራ ይጋባሉ። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ አድርጉና ቻናሉን ለዩ፤ ዋናው 1 ላይ ከሆነ ይህ 6 ወይም 11 ላይ ይሁን። በመጨረሻ ከዋናው የመጣውን ገመድ ከአራቱ ተመሳሳይ መሰኪያዎች በአንዱ ላይ ሰኩት እንጂ በቀለም ተለይቶ ብቻውን ባለው መሰኪያ ላይ አትሰኩት። ብቻውን ባለው ከተሰካ ሁለት ራውተር አንዱ በሌላው ላይ አድራሻ ይቀይራል፤ ኢንተርኔቱ ሊሠራ ይችላል፣ ሳሎን ያለው ፕሪንተር ግን ከሰርቪስ ቤቱ አይታይም። አዳዲስ ራውተሮች ይህን ሁሉ በአንድ ምርጫ የሚያደርግ አክሰስ ፖይንት የሚባል ክፍል አላቸውና ካለ እሱን ምረጡ።

ይህን ስትሠሩ በዋናው ሣጥን ላይ ያለችውን፣ በመርፌ የምትነካውን፣ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የምትመልሰውን የሪሴት ቀዳዳ አትንኩ። የአቅራቢው ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ይጠፋና ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ይቀመጣል።

መብራት ሲጠፋ

በጣቢያው እና በቤታችሁ መካከል ያለው የፋይበር ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ጣቢያው የራሱ ኃይል እስካለው ድረስ እናንተ ሣጥናችሁን በባትሪ ካቆማችሁት ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ አለ። የመዳቡ መስመር ግን መንገድ ዳር ባለ፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ካቢኔ ውስጥ ካለፈ የካቢኔው ባትሪ ሲያልቅ ያልቃል። የሲሙም ማማ እንደዚያው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚዞር መጨናነቁም ይብሳል። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት ይሠራል፤ ለኮምፒውተር የሚሸጠውን ትልቁን ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠውን ባትሪ፣ መግዛት አያስፈልግም፣ በቀጥታ 12 ቮልት የሚያወጣው ትንሹ ይበቃል። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ 37 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ብክነቱ ተቀንሶ 8 ዋት የሚበላ ሳጥን 4 ሰዓት ገደማ ያቆማል። የፋይበር ሳጥንና የራስ ራውተር ለየብቻ ካላችሁ ሁለቱንም የሚመግብ ይሁን፤ አንዱ ጠፍቶ ሌላው ቢበራ ትርጉም የለውም።

ለተከራይ ሲከፈት

ዋናውን የይለፍ ቃል ለማንም አትስጡ። የዋይፋዩን የደኅንነት ዓይነት ደብልዩፒኤ 2 ወይም 3 አድርጉ፤ ዌፕ የሚባለው አሮጌ ዓይነት ከ1990ዎቹ የቀረ ስለሆነ በደቂቃዎች ይሰበራል። በቁልፍ ወይም በስምንት አኃዝ የሚያገናኘውን ደብልዩፒኤስን አጥፉ። የራውተሩ ገጽ የሚከፈትበትን ቃልም ቀይሩ፤ ፋብሪካው የሰጠውን ማንም ያውቀዋል። ለተከራዮች የእንግዳ ኔትወርክ፣ ማለትም የራሱ ስምና የይለፍ ቃል ያለው ሌላ ዋይፋይ፣ ክፈቱ፤ የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ከቻለ 10 ሜጋ ቢት ባለው መስመር ላይ ለእንግዳው 4 ብትሰጡ የራሳችሁ የቪዲዮ ስብሰባ አይንቀጠቀጥም። ልብ አድርጉ፤ ሁለተኛው ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት ሲሠራ በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ላይ የእንግዳ ኔትወርኩ ከዋናው ቤት ዕቃዎች አይለይም። ስለዚህ በእንግዳው ስም ገብታችሁ ሳሎን ያለውን ፕሪንተር ወይም ካሜራ ለመክፈት ሞክሩ። ከተከፈተ የእንግዳ ኔትወርኩን ከዋናው ራውተር ላይ ብቻ ስጡ።